ለካቴተር በሚላክ የስትሮክ ታካሚ ላይ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ካቴተር የምለው በደም ሥር ገብቶ ከአንጎል የረጋ ደም የሚያወጣውን ቀጭን ቱቦ ነው። ከሰዓት ልጀምር። አንጀቴን ያሳረረው እሱ ነው።

ከኮምቦልቻ የመጣ የሪፈር ወረቀት «3:00 ላይ ደህና ነበሩ» ይላል። ሰውየው የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ኢንተርናችን 3:00ን በፈረንጅ አነበበና «8 ሰዓት አልፏቸዋል» ብሎ ደመደመ። በሐበሻ ቢያነበው ገና 2 ሰዓታቸው ነው! የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት 6 ሰዓት። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ደህና ከነበሩበት ጀምሮ ሲቆጠር እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ ካቴተር በመደበኛው እስከ 6 ሰዓት። እስከ 24 ሰዓት የሚሠራላቸው አሉ፣ ግን በምስል ተመርጠው ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ስንት ቀለም ይፈጃል?

ደግሞ የምንፈልገው የወደቁበትን ሰዓት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበትን ነው። ቤተሰብ ሰዓት አላየ ይሆናል። «አባባ ሱብሂ ሲሰግዱ እጃቸው ይታዘዝ ነበር?» በሏቸው። የእኚህ ሰው ልጅ ስልክ ላይ «ኧረ ቡናም አብረን ጠጥተናል፤ ቶናው ላይ ነው ሲኒው ከእጃቸው የወደቀው» አለች። ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም።

ሁለተኛው፣ ሲቲ አንጂዮን (የደም ቅዳዎቹን የሲቲ ምስል) ከአንገት መጀመር። ከአዎርታ ቅስት፣ ማለትም ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ከሚታጠፍበት ጀምራችሁ እስከ አናት አንሱ። የሁሉም ሰው ቅስት አንድ አይደለም። አንዳንዱ ላይ የግራው የአንገት ደም ቅዳ ለብቻው አይወጣም፤ ከቀኙ ግንድ ጋር ከአንድ ሥር ይነሳል። ይሄ በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ አይደለም። ግፊት ለዓመታት የኖረባቸው አዛውንት ላይ ደግሞ ቅስቱ ይለጠጥና ቅርንጫፎቹ እንደ ሐረጎ መንገድ ይጠማዘዛሉ። ካቴተሩን የሚያስገባው ሐኪም ይህን ቀድሞ ካወቀ በብሽሽት ከመታገል በቀኝ እጅ አንጓ ሊገባ ይችላል። ካላወቀ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ደቂቃ ሲቆጥር ይውላል።

በተፈጥሮ የቀጠነን «ተዘግቷል» ብሎ መጻፍም አለ። በአንገት አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የኋላ ደም ቅዳ በአንድ ወገን ቀጭን መሆኑ የተለመደ ነው። የአጥንቱን ቀዳዳ እዩ። ቀዳዳውም ጠባብ ከሆነ ሲፈጠርም እንዲያው ሳይሆን አይቀርም። ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ደም ከሌለበት ግን ጠርጥሩ።

ግፊት ከፍ ስላለ ከምላስ ሥር ክኒን መጭመቅ፦ አታድርጉት። ለሚያሟሟው መድኃኒት ወይም ለካቴተር የታሰበ ሰው ከ185/110 በታች መሆን አለበት፤ እሱም ቀስ ተብሎ በደም ሥር ነው።

ስኳር ሳይለኩ ሲቲ መላክ። ተዉ እንጂ ልጆች!

«ካቴተር ሊሠራላቸው ነው» ብሎ የሚያሟሟውን መድኃኒት መተው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መድኃኒቱ ካለና የሚከለክል ነገር ከሌለ ስጡ፣ ከዚያ ላኩ። ተቀባዩም ጋ የሚደወለው አምቡላንሱ ሳይነሳ ነው።

ምስሉን ስትልኩ ሙሉ ሲዲውን ይያዙ። የስክሪኑን አንድ ፎቶ በቴሌግራም ልካችሁ «እንዴት ነው ዶክተር?» አትበሉ። የማየው የጣታችሁን ጥላ ነው።