«እጄ ነገረኝ» የሚሉ ጀማሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ማሳጅ የሚማሩ ልጆች ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ አመል ያወጣሉ። «እጄ ወደዚህ ሄደ»፣ «እጄ ነገረኝ» ማለት ይጀምራሉ። አልስቅባቸውም። ደረጃ በደረጃ ከመቁጠር ይልቅ እጅን ተከትሎ የሚሠራ እሽት በእርግጥ አለ፤ እኔም የምሠራው እሱን ነው። ግን እጅ የሚናገረው መጀመሪያ የሰማውን ነው። ሳይሰማ ካወራ ወሬ ነው።

በጣም የሰለቸኝን ላስቀድም፤ «አመመዎት?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ማመን።

እኛ አገር ሰው በይሉኝታ ያልቃል እንጂ «አመመኝ፣ ቀስ በይ» አይልም። ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ይብሳሉ። ባለፈው አንዷ ተማሪዬ ስልሳውን ያለፉ እናት ትከሻ ላይ በክርኗ ተጭናለች። «እማማ፣ አመመዎት?» «ኧረ ምንም አይደል ልጄ፣ በርቺ፣ እጅሽ ይባረክ።» እኔ በግርጌ በኩል ቆሜያለሁ። አሥሩም የእግር ጣቶቻቸው ታጥፈዋል። ትንፋሻቸውን ውጠው ይዘዋል። ልጅቷ ምርቃቱን ሰምታ ጨመረች። ጡንቻው እንደ ድንጋይ ሲጠጥርባት «ቋጠሮ አገኘሁ!» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። የምን ቋጠሮ! ሴትዮዋ ከክርኗ ሊያመልጡ ነው የተኮማተሩት።

ስለዚህ ምርጫ ስጡ። «ላጥብቀው ወይስ ላላላው?» ሲባል ሰው አያፍርም፣ ይመርጣል። ከዚያ ቃሉን ተዉትና ትንፋሹን፣ መንጋጋውን፣ ጣቶቹን እዩ። «ካላመመ አይሠራም» የሚለውን ከወጌሻ ቤት የወረስነው ይመስለኛል። ወለምታ መመለስና የደከመ ጀርባ ማሳረፍ ግን ለየቅል ናቸው። (ወድቆ እጁ ያበጠ ሰው ከመጣ እናንተም አትንኩት፣ ወጌሻም አይንካው። መጀመሪያ ራጅ ይነሳ።)

እንዳያም ፈርቶ መኮርኮርም ያው ስህተት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቲፋኒ ፊልድና ባልደረቦቿ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በቀን ሦስት ጊዜ ለ15 ደቂቃ፣ ለ10 ቀን ታሹ። ካልታሹት ይልቅ 47 በመቶ የበለጠ ክብደት ጨመሩ። ላይ ላዩን መዳሰስ ግን ሕፃናቱን እንደመኮርኮር ይሆንባቸዋል። የአራስ ልጅ ገላ በለጋ ቅቤ ስትሽ ያያችኋት አያት እጇ ለስላሳ ነው፣ ግን ይይዛል።

መቸኮል። ቆዳችን ላይ ርጋታ ያለውን ዳበሳ ለይተው የሚቀበሉ ነርቮች አሉ። በደንብ የሚነቁት እጅ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ነው። ከእጅ አንጓ እስከ ክርን ስትሄዱ በልባችሁ እስከ ስምንት ቁጠሩ። አዎ፣ ያን ያህል ቀስ።

ቀጣዩን የሠራሁት እኔው ነኝ። ደንበኛዬ ከዋሽንግተን ከመጣ ገና ሁለት ቀኑ ነው። «ባቴን ያዘኝ» አለ። አንዱን ብቻ። ነካሁት፣ ይሞቃል። እጄ «ጡንቻ ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ዘይት አድርጌ ሁለቴ ወደ ላይ ገፋሁት። ሚስቱ ከጥግ ተቀምጣ «እኮ ትናንት ጫማው እንቢ አለው» ስትል ነው እጄን ያነሳሁት። ሁለቱን ባቶች ጎን ለጎን አየሁ፤ አንደኛው በግልጽ አብጧል። ሐኪም ቤት ሲታይ ደም ረግቶበት ነበር። የረጋ ደም ከእግር ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሰው ይገድላል። ከ12 ሰዓት በላይ በረራ ላይ ተቀምጦ ለመጣ ሰው «መቼ ገባህ? እግርህ አብጧል?» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አላልኩም። ሰውየው ዳነ፤ እኔ ግን ዛሬም ሁለቱን ባቶች ጎን ለጎን ሳላይ ዘይት አልከፍትም።

የእርጉዝ ሆድ አይታሽም። የሰፈር አዋላጅ «ልጁን ላስተካክለው» ብላ ብታሽም እናንተ አትሹ።

የአንገትን ፊት፣ የደም ሥሩ የሚመታበትን ቦታ፣ አትጫኑ። አለቀ።

አልጋው ላይ ሰው ሲያለቅስ «ምን ሆንሽ?» ብሎ ምርመራ መክፈት። ያጋጥማል፣ በተለይ ማንም ነክቷቸው የማያውቅ ሰዎችን። እጃችሁን ከጀርባዋ አታንሱ፣ አታንቀሳቅሱም። ሶፍት አቀብሉ። ልታወራ ከፈለገች ታወራለች።

ቀዝቃዛ ዘይት ከጠርሙሱ ቀጥታ ጀርባ ላይ ማፍሰስ፤ ይህን እንኳ ለማንም ማስረዳት አልፈልግም።

መጨረሻ ስለ ራሳችሁ። ጀማሪ ሁሉ በአውራ ጣቱ ይሠራል፣ የሚያምነው እሱን ስለሆነ። ክንዳችሁንና የሰውነታችሁን ክብደት ተጠቀሙ። እኔ አውራ ጣቴን የጎዳሁት ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ሳይሆን አልሰማ ብዬ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት የዘይቱን ጠርሙስ ክዳን የሚከፍቱልኝ ተማሪዎቼ ናቸው።