ድሬ ላይ ከግቢ ሳይወጡ ወፍ ማየት እንዴት ይጀመራል

ብዙ ሰው ወፍ ለማየት አዋሽ ፓርክ ወይ ላንጋኖ መሄድ ያለበት ይመስለዋል፣ እኔ ግን ድሬዳዋ ቤቴ በረንዳ ላይ ሻይ ይዤ ነው የጀመርኩት፣ ምክንያቱም እዚህ ሙቀቱ ራሱ ወፉን ወደ ውሃ ያመጣዋል። ስለዚህ ዋናው ስራ ውሃ ማስቀመጥ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እወቁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው ጥሩው፣ ከዛ በኋላ ወፉም ጥላ ይገባል፣ በርጫ ሰዓት ግቢው ጭጭ ይላል፣ ወደ 11 ሰዓት ነፋስ ነፋስ ሲል ተመልሶ ይወጣል። ቀትር ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ወፍ ካያችሁ ታሟል ብላችሁ እንዳትይዙት፣ ወፍ ስለማያልበው እያለከለከ ነው ሙቀቱን የሚያስወጣው።

ቀጥሎ ውሃው። የምጣድ ስባሪ፣ የባልዲ ክዳን፣ ብቻ ሰፊና ጠፍጣፋ ነገር ይሁን፣ ውሃው ከ3 ሴንቲ አይለፍ፣ መሃሉ ላይ መቆሚያ ድንጋይ አድርጉ፣ ጥላ ውስጥ ይሁን ግን ድመት ተደብቃ የምትዘልበት ቁጥቋጦ ስር አይሁን። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ቅንጦት ይመስላል አውቃለሁ፣ ግን አንድ ሊትር ይበቃል፣ ሳሙና ያልነካው አትክልት የታጠበበትም ይሆናል።

እዚህ ጋ ግን አደራ! በ2006 ደንጌ፣ በ2011 ደግሞ ችኩንጉንያ ድሬን ምን እንዳደረጋት የነበረ ሰው አይረሳውም። ሁለቱንም በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትነክሰው፣ የምትራባውም በየቤቱ በተቀመጠ ንፁህ ውሃ ውስጥ ነው፣ እንቁላሏን ደግሞ ከውሃው ከፍ ብሎ እቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። ስለዚህ ውሃ መጨመር ብቻ አይበቃም፣ በየቀኑ ድፉትና ጠርዙን በብሩሽ ፈትጋችሁ አዲስ ሙሉ። ይሄን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ ውሃውን ባታስቀምጡት ይሻላል።

ከዛ ትዕግስት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላይመጣ ይችላል። እኔ ጋ እርግቦቹ ቀድመው መጡ፣ ከነሱ በኋላ ጀርባው የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርቱካናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ መስመር ያለው መጣ፣ ድሮ በየመንገዱ እያየሁት ልብ ያላልኩት ወፍ ነው። የኔ ተወዳጅ ግን ግራጫዋ ናት፣ ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም፣ አናቷ ላይ ቁንጮ ያላት፣ ቅርንጫፍ ውስጥ እንደ አይጥ የምትሽሎከሎክ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ትንጠለጠላለች፣ የበላችውን ፍሬና ቅጠል ለመፍጨት ሙቀቱን ትፈልገዋለች። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቢጫዎቹን ጎጆ ሰሪዎች ፈልጉ፣ ወንዱ ነው በእርጥብ ሳር የሚሰራው፣ ሴቷ ገብታ ታየዋለች፣ ካልወደደችው ብዙ ጊዜ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።

ቀና ማለትም አትርሱ። ጥቅምትና ህዳር ላይ ከአረብ ምድር በባብኤል መንደብ የባህር ሰርጥ ተሻግረው የሚመጡ ንስሮች አሉ፣ ረፋዱ ላይ ሞቃት አየር ሲነሳ እሱ ላይ ተንሳፍፈው ክንፍ ሳያራግቡ ይዞራሉ።

ባይኖኩላር ከተገኘ 8 በ42 የሚባለው ለጀማሪ ይበቃል፣ 8 እጥፍ ያቀርባል፣ 42ቱ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ወደ ፀሐይ በፍፁም አታዙሩት፣ ኤርፖርትና ወታደር ያለበት አካባቢም ይዛችሁ አትዙሩ፣ የሰው ግቢም እንደዛው። እኔ አንዴ የጎረቤት ዛፍ ላይ ያለ ጎጆ ሳይ እማማ ቤታቸውን የማይ መስሏቸው በጣም አዘኑብኝ፣ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ባይኖኩላሩን ሰጠኋቸው፣ ጎጆውን ሲያዩት ቆዩ፣ አሁን ጫጩት ሲወጣ አስጠርተው የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው።

ስም ለማወቅ መርሊን የሚባል ነፃ አፕ አለ፣ የኢትዮጵያን ወፎች የያዘውን ፓክ (የወፎቹን ፋይል) ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት፣ ከዛ ያለ ኔትወርክም ይሰራል። አፑ ኖረም አልኖረም ደብተር ያዙ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት እንደነበሩና ምን ሲያደርጉ እንዳያችሁ ፃፉ፣ ስሙን ያላወቃችሁትን ደግሞ መልኩን ፃፉት፣ ስሙ ሌላ ቀን ይገኛል።