ከጅማ ተነስቶ የጎሽ መንጋ ለማየት

ከጅማ ለሚነሳ ሰው የጎሽ ቦታው ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በስተደቡብ፣ በኮንታና በዳውሮ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሂዱ። ክረምቱ እንደወጣ ሣሩ ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ መንጋው አጠገባችሁ ሆኖም ላይታይ ይችላል።

የፓርኩን ስካውት (ጥበቃ) ሳትይዙ በእግር አትግቡ። ማደሪያችሁን ቅርብ አድርጉና ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፤ ፀሐይ ከበረታ ጎሽ ጥላ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል። በየቀኑ ውኃ ስለሚጠጣ ወንዝ ዳር ዱካ ፈልጉ። እበቱ የላም ይመስላል፤ ላዩ ካልደረቀና ዝንብ ከወረረው መንጋው ሩቅ አይደለም።

ብዙው ሰው የሚሳሳተው በነፋስ ነው። ጎሽ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫው ያይላል። ጥቂት አመድ በላስቲክ ያዙና እየቆነጠራችሁ በትኑ፤ ወደ እናንተ ከነፈሰ ቅረቡ፣ ወደ መንጋው ከሄደ ዙሩ። ሽቶ ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ከ100 ሜትር በታች አትጠጉ፤ 8 በ42 የሆነ (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር) የሩቅ ማያ መነጽር ይበቃል። አፍንጫቸውን ሽቅብ ሰቅለው ካፈጠጡባችሁ ባላችሁበት ቁሙ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ። መሮጥ የለም።

ከመንጋው የተለየ አሮጌ ኮርማ ከመንጋው ይልቅ ያሰጋል፤ ጭቃ ውስጥ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ስለሚተኛ ሳይታይ ይደረስበታል። ስካውቱ እንመለስ ካለ አትከራከሩት።