ኤክስካቫተር ሲያለማምዱ የሚሠሩ ስህተቶች

ብዙ የኤክስካቫተር (የመቆፈሪያ ማሽን) ኦፕሬተር የሚወጣው ከረዳትነት ነው። ግሪስ ሲያስገባ፣ ነዳጅ ሲሞላ ይከርምና ዋናው ኦፕሬተር ምሳ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ ጎበዞች ወጥተዋል፤ ግን እጃቸው የሚፈጥነው አደጋው የት እንዳለ ሳያውቁ ነው።

ማቆምን ሳያስተምሩ ቁፋሮ ማስጀመር

ሠልጣኙ አፈር ከመንካቱ በፊት ማሽን አሳርፎ መውረድን ይልመድ፦ ባኬቱን (አፈር የሚዝቀውን አካፋ) መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ በግራ በኩል ያለውን ሴፍቲ ሌቨር (መቆጣጠሪያዎቹ እንዳይሠሩ የሚያደርግ እጀታ) መቆለፍ፣ ሞተሩን 5 ደቂቃ ያህል በሚኒሞ (በዝቅተኛ ዙር) አቆይቶ ማጥፋት (ተርቦው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ክፍል፣ ሳይቀዘቅዝ ዘይት እንዳይቋረጥበት)፣ ፊትን ወደ ማሽኑ አዙሮ መውረድ። ሴፍቲው ሳይቆለፍ የጃኬት ጫፍ ጆይስቲኩን (የእጅ መቆጣጠሪያውን) ቢነካው ማሽኑ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ሰውዬው አንድ እግሩ ቼይኑ (ማሽኑ የሚሄድበት የብረት ሰንሰለት) ላይ ነው።

ማሽን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ማሰብ

የጆይስቲኮቹ አሠራር ሁለት ዓይነት ነው። አይኤስኦ በሚባለው ቡሙ (ከማሽኑ አካል የሚነሳው ትልቁ ክንድ) በቀኝ እጅ፣ አርሙ (ባኬቱን የሚይዘው ክንድ) በግራ ነው፤ ኤስኤኢ በሚባለው ሁለቱ ይቀያየራሉ። በአንድ ቫልቭ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀየሩ ማሽኖችም አሉ፤ ስለዚህ ትናንት የሠራበት ማሽን እንኳ ዛሬ ተቀይሮ ሊጠብቀው ይችላል። ሰው በሌለበት፣ በዝቅተኛ ዙር እያንዳንዱን ሌቨር ይሞክር። ስፕሮኬቱ (ቼይኑን የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ) የት እንዳለም ይይ፦ ካቢኑ ዞሮ ስፕሮኬቱ ከፊት ከሆነ፣ የመንጃ ሌቨሩን ወደ ፊት ሲገፋ ማሽኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ገደል አፋፍ ላይ ይህን መርሳት ሕይወት ያስከፍላል።

የዘይት ፍሳሽን በእጅ መፈለግ

ከሁሉ በላይ የሚናቀው ይህ ነው። በ20 ቶን ማሽን ሆዝ (የዘይት ቱቦ) ውስጥ ግፊቱ ከ300 ባር ያልፋል፤ የአውቶሞቢል ጎማ 2 ባር ተኩል ገደማ ነው። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንትም ቆዳም በስቶ ይገባል። ላዩ ላይ የምትታየው ትንሽ ነጥብ ናት፣ መጀመሪያ ብዙም አታምም፤ ውስጥ ግን ሥጋው መሞት ይጀምራል። የተጎዳው ሰው ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ፣ «ዘይት በግፊት ገብቶብኛል» ብሎም ይንገር፤ አለዚያ ቁስሉን በፋሻ ጠቅልለው ሊመልሱት ይችላሉ።

ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ ነው። ሆዝ ከመፍታት በፊት ባኬቱን መሬት ማሳረፍ፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ስዊቹን ኦን አድርጎ ሴፍቲውን ከፍቶ ጆይስቲኮቹን በሁሉም አቅጣጫ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ የዘይት ታንከሩን ክዳን ቀስ ብሎ ማላላት። ሞተር ጠፋ ማለት ግፊቱ ወጣ ማለት አይደለም።

ዓይንን ባኬቱ ላይ ብቻ መትከል

ጀማሪ የሚያየው የሚቆፍረውን ነው፤ ሰው የሚጨፈለቀው ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ በካውንተርዌቱ (ከኋላ ባለው የሚዛን ክብደት) እና በግድግዳ ወይም በቆመ መኪና መካከል ነው። ያን ክፍተት በገመድ ዝጉት። ረዳቱም ኦፕሬተሩ አይቶት ባኬቱን መሬት ሳያሳርፍ አይጠጋ። ገልባጭ ሲጫን ባኬቱ በሾፌሩ ጋቢና ላይ አይለፍ።

የዋልካን ግድግዳ ማመን

ጥቁር አፈር በበጋ ተሰንጥቆም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ በአንድ ጊዜ ይናዳል። የወጣው አፈር ከቦዩ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ በዋልካ ደግሞ ከዚያም በላይ። ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ካለፈ ያለ ድጋፍ ሰው አይግባ። ቼይኑ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሳይሆን ወደ ጠርዙ የዞረ፣ ስፕሮኬቱም ከኋላ ይሁን፤ መሬቱ ሲሰነጠቅ ወዲያው ወደ ኋላ ማምለጥ የሚቻለው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ባኬትን መዶሻ ማድረግ

ድንጋይ በባኬት መደብደብ፣ ግድግዳን በማዞር ኃይል መጥረግ፣ ባኬቱን ተክሎ በቼይን መጎተት ፒኑንና ቡሹን (የመጋጠሚያዎቹን ዘንግና ቀለበት) ይበላል፣ የማዞሪያውን ጥርስ ይሰብራል። አለማማጁ ራሱ እያደረገው «አታድርግ» ቢል ሰሚ የለውም።

ሽቦ ሥር መሥራት

የ20 ቶን ማሽን ባኬት ወደ ላይ ከ9 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከ15 ኪሎ ቮልት መስመር ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ርቀቱን የሚያይ ሰው ከታች ይቁም። ከነካ ኦፕሬተሩ ካቢኑ ውስጥ ይቆይ፣ ማንም አይጠጋ፣ መብራት ኃይል መስመሩን እስኪያጠፋ ይጠበቅ። እሳት ከተነሳ ብቻ ማሽኑንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ፣ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል፤ ከዚያም እግሩን ከመሬት ሳያነሳ እየጎተተ ይራቅ።