ጨዋማ የጉድጓድ ውሃን ለሰፈር መጠጥ እንዴት እናበቃለን?

በአቃቂም ሆነ በቱሉ ዲምቱ በኩል ቧንቧ ሲጠፋ የሰፈር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ውሃው ወጥቶ ጨው ጨው ካለ ግን ወዲያው ጨው የሚያጣራ ማሽን ለመግዛት አትሩጡ። ማሽኑ የመጨረሻው ግዢ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን አስመርምሩ። ፓምፑ ለረጅም ጊዜ ከሠራ በኋላ የተቀዳ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ውሰዱና የሟሟውን ጨው፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ብረትና ተህዋስያን አስለኩ። በሊትር ከ600 ሚሊግራም በታች ጨው ያለው ውሃ ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ከ1,000 ካለፈ እየከበደ ይሄዳል። ፍሎራይድን ምላስ አይለየውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርስ የቡናማ ቀለም የያዘው ከዚያ በላይ ጠጥተው ነው። ማፍላት ጨዉን ያጎላዋል እንጂ አያወጣውም፤ ክሎሪንም ተህዋስያንን እንጂ ጨውን አይነካም። ችግሩ ተህዋስያን ብቻ ከሆነ ክሎሪን ይበቃችኋል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ቀጥሎ መጠኑን አስሉ። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ብትይዙ፣ አምስት አምስት ሰው ላላቸው 200 ቤተሰቦች 5,000 ሊትር ይሆናል። ልብስ በጉድጓዱ ውሃ ይታጠብ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከማሽኑ ተርፎ የሚወጣውን በጣም ጨዋማ ውሃ ነው። ማሽኑ ከሚገባው ውሃ 75 በመቶውን ካጣራ፣ 5,000 ሊትር ለማግኘት 6,700 ሊትር ያህል ይገባል፤ 1,700 ሊትሩ አራት እጥፍ ያህል ጨው ተሸክሞ ይወጣል። ይህን ወደ አቃቂ ወንዝ ወይም ወደ ጎረቤት ማሳ መልቀቅ በደል ነው። ወፍራም ፕላስቲክ የተነጠፈበት ጥልቀት የሌለው ኩሬ ቆፍሩ። በበጋ በቀን 5 ሚሊሜትር ቢተን እንኳ 340 ካሬ ሜትር ቦታ ይፈልጋል። በክረምት ዝናቡ ኩሬውን ስለሚሞላው፣ ያን ጊዜ የጣራ ውሃ አጠራቅማችሁና በክሎሪን አክማችሁ ተጠቀሙ፤ የማሽኑንም ሥራ ቀንሱ። መሬቱ ካልተገኘ ዕቅዱን እንደገና አስቡበት።

ከዚህ በኋላ ማሽኑ ይምጣ። ውሃው በአሸዋ ማጣሪያ፣ ከዚያ ደቃቅ ቆሻሻ በሚይዝ የ5 ማይክሮን ማጣሪያ ያልፍና ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ወደ ሜምብሬኑ፣ ማለትም ውሃን አሳልፎ ጨውን ወደሚያስቀረው ስስ ሽፋን ይገፋዋል። በውሃው ብረት ካለ አስቀድሞ ይወገድ፤ አለዚያ ዝገቱ ሜምብሬኑን ይደፍነዋል። ክሎሪን ሜምብሬኑን ስለሚጎዳ የሚጨመረው ከማጣሪያው በኋላ፣ በሮቶው ውስጥ ነው። መብራት ስለሚጠፋ ሮቶው የሁለት ቀን፣ ማለትም 10,000 ሊትር ይያዝ።

የቦኖው ጠባቂ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ቀድቶ የጨው መለኪያውን ይንከርበትና ቁጥሩን ምስማር ላይ በተንጠለጠለው ደብተር ይጻፍ። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ከጨመረ ሜምብሬኑ መታጠብ ወይም መለወጥ አለበት።

አዲስ ሜምብሬን መከላከያ ፈሳሽ ስላለው የመጀመሪያውን ውሃ ድፉት። የተጣራውንም ላቦራቶሪ ወስዳችሁ ውጤቱ እስኪደርሳችሁ ድረስ አንድም ጀሪካን አይሞላ።