የቻይና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የእንግሊዝኛ የማዳመጥና የማንበብ ችሎታ እንዴት መፈተን ይቻላል?

በየዓመቱ ሰኔ 1 ቀን (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 8) ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ በብዙ የቻይና ከተሞች በፈተና ጣቢያዎች ዙሪያ ጡሩንባ ማሰማት ክልክል ነው፤ አጠገባቸው ያለ የሕንፃ ግንባታም ሥራ ያቆማል። ግቢው ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ብሔራዊ ፈተና፣ ጋኦካኦ፣ እየተሰጠ ነው። ተራው የእንግሊዝኛ ነው፤ በብዙ ክፍለ ሀገራት ደግሞ ወረቀቱ የሚጀምረው በማዳመጥ ነው። የእኛ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ እንግሊዝኛን በማንበብ ብቻ ስለሚፈተን ከድምፅ ማጉያ የሚመጣ ጥያቄ አያውቅም። የቻይናው ተማሪ ግን 20 ደቂቃ ያህል ለምትወስደው ለዚህች ክፍል ሦስት ዓመት ሙሉ ሲለማመድ ቆይቷል።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ቻይናውያን ታዳጊዎችን በክፍል ውስጥም ሆነ በኢንተርኔት የሚያስተምር ሰው የተማሪዎቹን ደረጃ ለማወቅ ሲነሣ መጀመሪያ እጁ የሚገባው ያለፉት ዓመታት የጋኦካኦ ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት ተማሪዎቹ ከአስተማሪው በላይ ያውቁታል። ከነመልሱ ታትሞ ይሸጣል፤ የመጨረሻው ዓመት አብዛኛው ጊዜም እሱን መላልሶ በመሥራት ያልቃል። በእሱ ፈትኖ የሚገኘው ውጤት የቋንቋ ችሎታንና የፈተና ልምምድን አቀላቅሎ ስለሚያመጣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። የራስን ፈተና ማዘጋጀት አድካሚ ቢሆንም ሌላ መንገድ የለም።

የለመዱትን ፈተና ይወቁ

የጋኦካኦ የእንግሊዝኛ ወረቀት 120 ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚታረመው ከ150 ነው። ብዙ ክፍለ ሀገራት በሚጠቀሙበት ብሔራዊ ወረቀት ማዳመጥ 30 ነጥብ፣ አንብቦ መረዳት 50 ነጥብ ይይዛል። የቀረው ለክፍት ቦታ ማሟያና ለጽሑፍ ነው። ማዳመጡ 20 ጥያቄዎች አሉት። በመጀመሪያ አምስት አጫጭር ንግግሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ፤ ከዚያ አምስት ረዘም ያሉ ቅጂዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ይደገማሉ። ሁሉም ጥያቄ ሦስት አማራጭ አለው። ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ለማሳያ የምትቀርብ አንዲት የሸሚዝ ዋጋ ጥያቄ አለች፤ መልሷ 9 ፓውንድ ከ15 ፔንስ ነው። ዓመት ከዓመት ስለማትለወጥ የቻይና ወጣቶች በቃላቸው ይሏታል፣ ይቀልዱባታልም።

በንባብ በኩል አራት ምንባቦችና 15 ባለ አራት አማራጭ ጥያቄዎች አሉ። በተጨማሪም አምስት ዓረፍተ ነገሮች የወጡለት አንድ ምንባብ ይሰጣል፤ ተማሪው ከሰባት ዓረፍተ ነገሮች አምስቱን መርጦ ቦታ ቦታቸው ይመልሳል። ቤጂንግ ግን ለየት ትላለች፤ ከ2021 ጀምሮ ማዳመጥና መናገር ለብቻ በኮምፒውተር ይፈተናሉ፣ 50 ነጥብ ይይዛሉ፣ ተማሪውም በዓመት ሁለት ዕድል አለው። ስለዚህ ተማሪው ከየትኛው ክፍለ ሀገር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ ለራስዎ ፈተና የሚወስዱት ቅርጹን ብቻ ነው። ቅርጹ የለመዱት ሲሆን ልጆቹ በመመሪያ ግራ አይጋቡም። መመሪያውንም እንደ ጋኦካኦው በቻይንኛ ያስጽፉት፤ መመሪያ ባለመረዳት የተሳተ ጥያቄ ስለማዳመጥ ምንም አይነግርዎትም።

20 የማዳመጥና 20 የንባብ ጥያቄ፣ በጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ ጊዜ፣ ለአንድ ክፍል ይበቃል። የቃላቱን ልክ በሥርዓተ ትምህርቱ ይወስኑ፤ ለጋኦካኦ የሚቀመጥ ተማሪ ከ3 ሺህ እስከ 3 ሺህ 500 ቃላት እንዲያውቅ ይጠበቃል። አንደኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ገና እዚያ ስላልደረሰ አንድ ወረቀት ለሦስቱም ዓመት አያዘጋጁ።

ለጆሮ መጻፍ

የማዳመጥ ፈተና ሲዘጋጅ ዘወትር የሚፈጸመው ጥፋት ለዓይን የተጻፈን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አንብቦ መቅዳት ነው። ሰው ሲነጋገር ያመነታል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ያቋርጣል። ፈተናውም ይህንን ይያዝ። አንድ ምሳሌ እንይ። ወንዱ «ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንገናኝ?» ይላል። ሴቷ «ዛሬ እሑድ ነው እኮ፣ ዝግ ነው። ካፌው ውስጥ ብንገናኝስ?» ትላለች። «እዚያ መቀመጫ አይገኝም። እንደ ባለፈው አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ይሻላል።» «ይሁን፣ እዚያው።» ጥያቄው የት እንደሚገናኙ ነው፤ አማራጮቹም ቤተ መጻሕፍቱ፣ ካፌውና አውቶቡስ ማቆሚያው ናቸው። ሦስቱም በጆሮ ገብተዋል። ስለዚህ አንድ ቃል ቀልቦ መልስ ላይ መድረስ አይቻልም፤ ማን ምን እንዳቀረበና ማን ምን እንዳልተቀበለ መከተል ግድ ነው። ከሦስቱ በአንደኛው ፈንታ ስሙ ያልተነሣ መዋኛ ቦታ ቢገባ ኖሮ አማራጩ ሁለት ብቻ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በምሳሌው ትክክለኛው መልስ መጨረሻ የተጠራው ቦታ ነው። የፈተና ዘዴ የጠገበ ተማሪ «ሦስቱም ከተጠሩ የመጨረሻውን ያዝ» ወይም «‹ግን› ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን ያዝ» የሚል ምክር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በሌላ ጥያቄ ተነጋጋሪዎቹ ዞረው ዞረው መጀመሪያ ወዳነሡት ሐሳብ ይመለሱ።

ቻይንኛ ተናጋሪዎችን የሚያስቸግሩ ነገሮች ተለይተው የሚታወቁ ናቸው፤ ፈተናዎ ሲጎበኛቸው ይጠቅማል። በማንዳሪን፣ ማለትም በመደበኛው ቻይንኛ፣ ‹እሱ› እና ‹እሷ› በጽሑፍ ቢለያዩም በአነጋገር አንድ ድምፅ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ባሉበት ረጅም ትረካ ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ መከታተል ለብዙዎች ፈተና ነው። ትልልቅ ቁጥሮችንም ቻይንኛ የሚከፍለው በአሥር ሺህ ነው። እኛ 340 ሺህ የምንለውን እነሱ «34 አሥር ሺህ» ይሉታል፤ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ሲሰሙ በአእምሯቸው እስኪገለብጡት ንግግሩ ያልፋቸዋል። ከዚህም ሌላ የማንዳሪን ክፍለ ቃል በአናባቢ ወይም በ‹ን› ዓይነት ድምፅ እንጂ በ‹ት›፣ በ‹ክ› ወይም በ‹ስ› አይጨርስም። በእንግሊዝኛ ‹እችላለሁ› እና ‹አልችልም› (‹ካን› እና ‹ካንት›) ከሚለያዩባቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ በቃሉ መጨረሻ ያለችው ቀጭን ድምፅ ናት፤ በፈጣን ንግግር እሷም ልትጠፋ ትችላለች። እነዚህን በመጠኑ ይጠቀሙ። ሃያውም ጥያቄ የድምፅ ወጥመድ ከሆነ ጆሮ ተፈተነ እንጂ መረዳት አልተፈተነም።

ለቅጂው መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍልና ደኅና ስልክ በቂ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንባቢ ያግኙ፤ ተመሳሳይ ድምፆች ሲነጋገሩ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ120 እስከ 150 ቃላት ይሁን። ጥያቄውን አንብቦ ለመመለስ ከአጭር ንግግር በኋላ 10 ሰከንድ ይተዉ፤ ለረጅሙ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከመስማት በፊት 5 ሰከንድ፣ ከሰሙ በኋላም 5 ሰከንድ። ይህንን ዝምታ ቅጂው ውስጥ ያስገቡት፤ በእጅ እያቆሙ ማስኬድ ለአንዱ ክፍል ያደላል። በኮምፒውተር የተሠራ ድምፅ ለመመሪያው ይሆናል፤ ለንግግር ግን ማመንታቱና መቋረጡ ስለሚጎድለው ባልጠቀምበት እመርጣለሁ።

ምንባቡና ጥያቄው

ምንባብ ሲመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህንን ሳያነቡ ማወቅ ይቻላል?» የሚለው ነው። ስለ ፓንዳ የተጻፈ ምንባብ መርጠው ፓንዳ ምን እንደሚበላ ለቻይና ልጅ ቢጠይቁ መልሱን ያገኘው ከምንባቡ አይደለም። ስለ ቻይና አዲስ ዓመት በዓልም እንደዚሁ ነው። በተቃራኒው ስለ ክሪኬት ጨዋታ ሕግ የተጻፈው ጎበዙን ልጅ ሳይቀር ያደናግራል። ለሁሉም እኩል አዲስ የሆነ ነገር ይሻላል፤ አንድ የከተማ ሙዚየም የጉብኝት ማስታወቂያ፣ ሥራ ስለቀየረ ሰው የሚተርክ ታሪክ፣ ስለ ንቦች ወይም ስለ እንቅልፍ የተሠራ የሳይንስ ዘገባ። ርዝመቱ ከ250 እስከ 350 ቃላት ይሁን። ከመቶው ቃል ሁለት ሦስቱ ቢያስቸግር ተማሪው ይወጣዋል፤ ከዚያ ካለፈ መዝገበ ቃላት ፍለጋ ይሆናል። ሊቀየር የማይችል ከባድ ቃል ካለ ጋኦካኦው እንደሚያደርገው ትርጉሙን አጠገቡ በቻይንኛ ያስቀምጡ።

አማርኛ ተናጋሪ አስተማሪ እዚህ ላይ የተለየ ብልጫ አለው። እኛ «ትናንት ከጓደኛዬ የተዋስኩት መጽሐፍ» ስንል ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ በማንዳሪንም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ግን መጽሐፉን አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል። ገላጩ ሲረዝም የቻይናው ተማሪ ልክ እንደ እኛው ተማሪ ባለቤቱን ይጥልና የቅርቡን ስም ይይዛል። በባለቤቱና በግሡ መካከል ረጅም ገላጭ የገባበት ዓረፍተ ነገር መርጠው «ወደ ከተማው የተመለሰው ማነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ከተሳሳቱት አማራጮች አንዱም ከግሡ አጠገብ የተቀመጠው ስም ይሁን። ይህን የተሳሳተ ልጅ ቃላቱን ሁሉ ሊያውቃቸው ይችላል፤ የጎደለው ዓረፍተ ነገሩን የመፍታት ችሎታ ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ሦስት ቢኖር ብዙ ያስተምራል።

የአማራጮቹን ርዝመት ያመጣጥኑ። በቻይና ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ግጥም መሳይ ምክር አለ፤ ሦስቱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ አጭሩን፣ ሦስቱ አጭር አንዱ ረጅም ከሆነ ረጅሙን ምረጥ ይላል። ይህ ምክር የሚሠራው ፈተና አውጪው ሲሰንፍ ነው። ትክክለኛውን መልስ እንዳይከራከሩበት እያብራራን ስንጽፍ ይረዝማል፤ የውሸቶቹን ግን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ከምንባቡ ቃል በቃል የተገለበጠ አማራጭም ትክክለኛው መልስ አይሁን፤ ዓይን የሚያገኘውን አእምሮ አይደክምበትም።

ፈተናውን አስቀድመው ይፈትኑት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው። ሁለት ነገር ያድርጉ።

በመጀመሪያ ጥያቄዎቹን ያለ ምንባቡና ያለ ቅጂው እንግሊዝኛ ለሚችሉ ጥቂት ሰዎች ይስጡ። ከ20 የንባብ ጥያቄዎች በግምት አምስት ያህል ይገኛል። 11 ወይም 12 ካገኙ ጥያቄዎቹ ራሳቸው መልሱን እየተናገሩ ነው፤ የተመለሱትን ለቅመው እንደገና ይጻፏቸው።

ቀጥሎ ተፈታኞቹን ለሚመስል ሌላ ክፍል ፈተናውን ይስጡና ውጤቱን በጥያቄ በጥያቄ ይዩት። 40 ተማሪ ቢሆን ብዙ ካገኙት 11 እና ትንሽ ካገኙት 11 ይለዩ፤ ከየጫፉ 27 በመቶ መሆኑ ነው። አንዱን ጥያቄ ከላይኞቹ 9፣ ከታችኞቹ 3 ቢመልሱት ልዩነቱ 6 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 0.55 ይመጣል፤ ግሩም ጥያቄ ነው። ከ0.20 በታች የሆነው ጎበዙን ከደካማው አይለይም። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከወረደ፣ ማለትም ደካሞቹ ከጎበዞቹ በልጠው ከመለሱት፣ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዚያ ይገኛል።

የፈተናው ዕለት

ድምፅ ማጉያውን ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስሙት፤ መስኮቱን ዘግተውም ከፍተውም ይሞክሩ። በጋኦካኦ አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት 30 ተፈታኞች ናቸው፤ መደበኛው የቻይና ክፍል ግን ከዚያ ሊበልጥ ስለሚችል ተጨናንቆ መስማት እንዳይመጣ ለሁለት ይክፈሉት። ቅጂውን በሁለተኛ መሣሪያ ላይ ይያዙ። ማዳመጡ ሲያልቅ መልስ ወደ መልስ መስጫው የሚገለብጡበት ሁለት ደቂቃ ይስጡ፤ የለመዱት ስለሆነ ካልተሰጣቸው በንባቡ ጊዜ ይገለብጡታል፣ የንባቡ ውጤትም ይዛባል።

ውጤቱን ማንበብ

የማዳመጥና የንባብ ውጤት ለየብቻ ይጻፍ። ደምሮ 24 ከ40 ማለት ምንም አያስረዳም፤ በማዳመጥ 7፣ በንባብ 17 ያገኘና 12 በ12 የሆነ ተማሪ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት የተለያየ ነው። ባለ ሦስት አማራጭ በሆነው የማዳመጥ ክፍል በዕድል ብቻ ሰባት ያህል እንደሚገኝ አይዘንጉ፤ ስለዚህ ያ 7 ዜሮ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የተሳቱትን ጥያቄዎች በዓይነት ይለዩ፤ ቁጥር፣ ‹እሱ› እና ‹እሷ›፣ ረጅም ገላጭ፣ ያልተነገረውን መረዳት።

ሁለተኛ ወረቀት አውጥተው እድገት ለመለካት ከፈለጉ ወረቀቶቹ እኩል መክበዳቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። በኖቬምበር 2018 በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የተሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ከቀደመው ከብዷል ተብሎ የአንዳንድ ክፍሎች ነጥብ በማካካሻ ስሌት ከፍ ተደረገ። ተማሪዎችና ወላጆች አጥብቀው ተቃወሙ፤ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት አጣርቶ ውሳኔው ስህተት ነበር አለ፣ በዲሴምበርም ሁሉም ወደ ጥሬ ውጤቱ ተመለሰ። ከታረመ በኋላ የሚደረግ ማካካሻ ለማንም አይዋጥም። ቀላሉ ዘዴ ከመጀመሪያው ወረቀት አምስት ስድስት የተፈተኑ ጥያቄዎችን በሁለተኛው ውስጥ ሳይለወጡ መክተት ነው፤ በእነሱ ላይ የታየው ለውጥ ሌላውን ለመመዘን ይረዳል።

ውጤቱን ከሰጡ በኋላ ቅጂውን ከነጽሑፉ ያሰሟቸው፤ የጠፋባቸው ቦታ ላይ ራሳቸው ምልክት ያድርጉ። እንደገና የሚከቷቸውን ጥያቄዎች ግን ከዚህ ክለሳ ያስቀሯቸው፣ ወረቀቱንም ሰብስበው ይቁጠሩ። ተማሪዎች እጅ የቀረ ወረቀት በማግስቱ በየስልኩ ላይ ስለሚገኝ ለፈተና አያገለግልም።