ስለ ዝነኞች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ዝነኞች የሚቀርብ የድርሰት ወይም የንግግር ጥያቄ ለከፍተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ተማሪ ቀላል ይመስላል፤ ስለ ዝነኞች የሚናገረው የሚያጣ ሰው የለምና። ይሁን እንጂ ርእሱ ያለፈ ታሪክን፣ ያልተረጋገጠ ወሬንና የሰውን ስም የሚያከብር ወይም የሚያዋርድ ቃልን በአንድነት ስለሚያስጠቅም፣ በአማርኛ አስቦ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ጸሐፊ በብዙ ቦታ ይሰናከላል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት፣ «ኢንፈመስ» የሚለውን ቃል «ያልታወቀ» ወይም «እጅግ ዝነኛ» አድርጎ መጠቀም ነው። ቃሉ የሚያመለክተው በክፉ ሥራው ስሙ የተነሣን ሰው ሲሆን፣ «ኖቶሪየስ»ም ከዚሁ ወገን ነው። የወንበዴዎች አለቃ የነበረው አል ካፖን «ኖቶሪየስ» ቢባል ይገባዋል፤ በሳይንስ ሥራዋ የተከበረችውን ማሪ ኩሪን ግን «ሪናውንድ» (ስመ ጥር) ወይም «ኤሚነንት» (በሙያው የላቀ) እንላታለን። «ሰለብሪቲ»ም ቢሆን ለእርሷ አይስማማም፤ ይህ ቃል በአብዛኛው የመዝናኛውንና የመገናኛ ብዙኃኑን ዓለም ስለሚያስታውስ ሊቅን ያሳንሳል። «ኢንፈመስ» ሲነበብም ጫናው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል፤ «ኢንፌመስ» ብሎ መካከሉን መሳብ ስህተት ነው።

ሁለተኛውና በእኔ ግምት ይበልጥ ሥር የሰደደው ስህተት የግስ ጊዜን ይመለከታል። በአማርኛ ስለ ማሪ ኩሪ «እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት አሸንፋለች» ማለት ስለምንችል፣ ብዙዎች ይህንኑ ይዘው «ሺ ሃዝ ወን ዘ ኖቤል ፕራይዝ ኢን 1903» ብለው ይጽፋሉ። ድርጊቱ የተፈጸመበት ዓመት ከተጠቀሰ ግን «ሃዝ» ይወጣና «ሺ ወን» ብቻ ይቀራል። ጊዜው ባይጠቀስ እንኳ ሰውየው በሕይወት ከሌለ ስለ ሥራው በአጠቃላይ ስንናገር ያለፈ ጊዜ ግስ እንጠቀማለን፤ ማሪሊን ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1962 ስላረፈች «ሃዝ አክትድ ኢን ሜኒ ፊልምስ» ልንላት አንችልም። ይህ አነጋገር ሥራው ገና ላላበቃ፣ ነገም ሌላ ሊጨምር ለሚችል ተዋናይ የተጠበቀ ነው።

የዝነኞች ወሬ ሲዘገብ ደግሞ «ሂ ኢዝ ሴድ ዛት ሂ ሊቭስ አብሮድ» የሚል ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ይህ ሁለት ትክክለኛ መንገዶችን ያደባለቀ ነው፤ ወይ «ኢት ኢዝ ሴድ ዛት ሂ ሊቭስ አብሮድ»፣ ወይ «ሂ ኢዝ ሴድ ቱ ሊቭ አብሮድ» ማለት ይገባል። የሚወራው ነገር ከአሁኑ ወሬ ቀድሞ የተፈጸመ ከሆነ «ቱ ሃቭ» መጨመር አለበት፦ «ሂ ኢዝ ሩመርድ ቱ ሃቭ ማሪድ ኢን ሲክሬት»። ወሬው ወንጀልን የሚነካ ሲሆን «አሌጅድሊ» (ገና ሳይረጋገጥ እንደሚባለው) የሚለውን ቃል መዝለል ከሰዋስው ስህተት ይከፋል፤ ያልተፈረደበትን ሰው ወንጀለኛ አድርጎ ማቅረብ ነውና።

መስተዋድድም ያስታል። በአማርኛ «በፊልሞቹ ዝነኛ ነው» ስለምንል «ፌመስ ባይ» ወይም «ፌመስ ኢን» ማለት ይቀናናል፤ ምክንያቱን የምንገልጸው ግን በ«ፌመስ ፎር»፣ ሙያውን በ«ፌመስ አዝ»፣ የወደዱትን ሰዎች ደግሞ በ«ፖፑላር ዊዝ» ነው።

«ፌም» በጥቅሉ ዝናን ሲያመለክት «ዘ» አይቀድመውም። «ሺ ጎት ዘ ፌም» ከማለት ይልቅ ቀስ በቀስ ለታወቀች «ሺ ሮዝ ቱ ፌም»፣ በድንገት ለታወቀች «ሺ ሾት ቱ ፌም» ማለት የተሻለ ነው።

ማንነቱን ለማወቅ ስሙ ብቻውን በቂ ስለሆነለት ሰው ተጨማሪ መረጃ ስንሰጥ ደግሞ «ዛት» አይገባም፤ «ቻርሊ ቻፕሊን፣ ሁ ወዝ ቦርን ኢን ለንደን ኢን 1889» ይባላል፣ ሐረጉም በግራና በቀኝ በነጠላ ሰረዝ ይታጠራል።

ለማስዋብ ሲባል የሚገባው የተገለበጠ (ረዳት ግሱ ከባለቤቱ የሚቀድምበት) ዐረፍተ ነገርም ጥንዱን ማወቅ ይጠይቃል፦ «ኖ ሱነር» ከ«ዛን» ጋር፣ «ሃርድሊ» ከ«ዌን» ጋር ይሄዳል። በአንድ ድርሰት ውስጥ አንዴ ከገባ ይበቃል፤ ሲደጋገም የተጠና ይመስላል።

በመጨረሻም «ፓፓራዚ» (ዝነኞችን እየተከታተሉ ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች) የብዙ ቁጥር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣ የጣሊያን ፊልም ውስጥ ከነበረ የፎቶ አንሺ ገጸ ባሕርይ ስም የመጣ ሲሆን፣ ነጠላው «ፓፓራዞ» ነው። ስለዚህ «ዘ ፓፓራዚ ወር ዌይቲንግ» እንጂ «ወዝ ዌይቲንግ» አይባልም።